«አገርህ ግባ»፦ ስድብ የሌለበት አደገኛ ንግግር

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1992 በሰሜን ምዕራብ ሩዋንዳ በምትገኘው ካባያ፣ ሊዮን ሙጌሴራ የተባለ ፖለቲከኛ ለገዢው ፓርቲ ደጋፊዎች ንግግር አደረገ። ሰውየው በካናዳ ላቫል ዩኒቨርሲቲ የተማረ ምሁር ሲሆን በጊሴኒ ግዛት የፓርቲው ምክትል ሊቀ መንበር ነበር። በንግግሩ መሐል ለአንድ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ነገርኩት ያለውን ለተሰብሳቢው አወጋ፤ አገራችሁ ኢትዮጵያ ነው፣ ፈጥናችሁ እንድትደርሱም በኒያባሮንጎ ወንዝ በኩል እንልካችኋለን የሚል ነበር። ቃላቱን አንድ በአንድ ቢያዩአቸው ስድብ የለባቸውም። አገር፣ ወንዝ፣ መላክ፣ መድረስ፤ ሕፃን ልጅ ሳይቀር የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው። ተሰብሳቢው ግን ኒያባሮንጎ ጀልባ የማይሄድበት ወንዝ መሆኑን ያውቃል፤ ከዚያ በፊት በደረሱት እልቂቶችም ንግግሩ ያነጣጠረባቸው የቱትሲዎች አስከሬን ወደ ወንዝ ይጣል እንደነበር ያስታውሳል።

ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 1994 የዘር ማጥፋቱ ሲጀመር የተባለው ሁሉ እንደተባለው ሆነ። ወደ ኒያባሮንጎና ወደ ካጌራ ወንዞች የተጣለው አስከሬን በውኃው እየተገፋ ቪክቶሪያ ሐይቅ ገባ። ካጌራ ከሐይቁ በሚገናኝበት አካባቢ ካሴንሴሮ የሚባል የኡጋንዳ ዓሣ አጥማጆች መንደር አለ። የዚያ መንደር ሰዎች ዓሣ ማጥመዱን ትተው አስከሬን ከውኃ እያወጡ ወደ መቅበር ገቡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እዚያው ዳርቻ ላይ በጅምላ ተቀበሩ፣ የሐይቁን ዓሣ የሚገዛ ሰውም ጠፋ። በ100 ቀናት ገደማ ውስጥ 800 ሺህ ያህል ሰው በተገደለበት በዚህ እልቂት ስለ ስድብ ቃላቱ ብዙ ተጽፏል፤ በተለይ ቱትሲዎችን «በረሮ» ማለት በዓለም ሁሉ የታወቀ ምሳሌ ሆኗል። የካባያው ንግግር ግን ከዚያ የከፋ ነገር ያሳያል። አንድን ሕዝብ ለጥቃት የሚያጋልጠው ቃል ሁልጊዜ አጸያፊ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ማንም የማያፍርበት፣ በቤትም በገበያም የሚነገር የዘወትር ቃል ነው።

ሙጌሴራ ከአገሮች ሁሉ ኢትዮጵያን የጠራው በአጋጣሚ አልነበረም። ጆን ሃኒንግ ስፒክ የተባለው እንግሊዛዊ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመው የጉዞ ዘገባ፣ በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የነገሡት ወገኖች ከኢትዮጵያ በኩል የመጡ ናቸው የሚል መላ ምት አስፍሮ ነበር። ከሰዎቹ መልክና ቁመና ተነሥቶ ከሰነዘረው ግምት ያለፈ ማስረጃ አልነበረውም። ይህን ግምት ከእሱ በኋላ የመጡት ሚሲዮናውያንና ቅኝ ገዢዎች እንደ እውነት ተቀበሉት፤ ቱትሲዎች ከሌላ ቦታ የመጡ፣ ለመግዛት የተፈጠሩ ሰዎች ናቸው እያሉ አስተማሩት፤ በ1930ዎቹም የቤልጂየም አስተዳደር ሁቱና ቱትሲ የሚለውን ክፍፍል መታወቂያ ላይ አሰፈረው። እንግዲህ «ከኢትዮጵያ የመጡ» መባል መጀመሪያ ላይ ሙገሳ ነበር፤ ትምህርት ቤትና ሥልጣን ያስገኝ ነበር። የፖለቲካው ሚዛን ሲገለበጥ ያው ሐረግ አንድም ፊደል ሳይለወጥ የባለቤትነት መንፈጊያ ሆነ። ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ወደ መጣበት መመለስ ይችላል፤ መመለስ የሚችል ሰው ደግሞ የማይመለሰው በራሱ እምቢተኝነት ነው፤ ስለዚህ የሚደርስበት ሁሉ የራሱ ጥፋት ይሆናል። «አገርህ ግባ» የሚለው ንግግር አደገኛነቱ እዚህ ላይ ነው። ተናጋሪውን ገር፣ ተባራሪውን ግትር አድርጎ ያቀርባል።

በዚያው በሩዋንዳ የግድያው ቋንቋ ራሱ የተሠራው ከተራ ቃላት ነበር። መግደል «ሥራ» ይባል ነበር። የመንደር ሰዎች በየጊዜው ተጠራርተው መንገድ የሚያጸዱበትና ቁጥቋጦ የሚመነጥሩበት ኡሙጋንዳ የተባለ የጋራ ሥራ ነበር፤ በእልቂቱ ወራት ያው ስም ሰው ለማደን ለሚደረገው ስምሪት ዋለ። የሚገድለው ሰው ጠዋት ሲወጣ ለሚስቱ የሚነግራት ወደ ሥራ እሄዳለሁ ብሎ ነው። እኛም ማጽዳት፣ መመንጠር፣ ማረም የሚሉ የእርሻና የቤት ቃላት በጦርነት ዜና ውስጥ «አካባቢውን አጸዱ» እየተባሉ ሲነገሩ ለምደናል። ወታደራዊ ቋንቋ ነው ይባል ይሆናል፤ የጸዳው ምን እንደሆነ መጠየቅ ያቆመ ሰሚ ግን ነገ «ማጽዳት» ስለ ሰፈሩ ነዋሪዎች ሲነገርም አይደነግጥም።

የሩዋንዳውን የዘር ማጥፋት ወንጀል ለመዳኘት በታንዛኒያዋ አሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ይህን ጉዳይ በጥንቃቄ መርምሮታል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 በዣን ፖል አካዬሱ ላይ የሰጠው ፍርድ፣ አንድን ሰው በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ያለ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ውሳኔ ነው። አካዬሱ የታባ ወረዳ ከንቲባ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1994 ለሕዝብ ባደረገው ንግግር ሰዎች ብቸኛ ጠላታቸውን፣ ማለትም የኢንኮታኒን ተባባሪዎች፣ ተባብረው እንዲያስወግዱ ቀሰቀሰ። ኢንኮታኒ የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ተዋጊዎች ስም ነው፤ የአንድ ድርጅት ስም እንጂ የሕዝብ ስም አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ግን የኪንያሩዋንዳ ቋንቋ ባለሙያ ጠርቶ ከሰማ በኋላ፣ በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ፣ ከዚያ ተናጋሪ አፍ የወጣው ቃል በአድማጩ ዘንድ ቱትሲዎችን ግደሉ ማለት እንደነበር፣ አካዬሱም ይህን እንደሚያውቅ ወሰነ። ተናጋሪው ስለ ድርጅት ተናግሯል፤ ሰሚው ስለ ጎረቤቱ ሰምቷል።

ይህ ፍርድ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። ባለፉት ዓመታት ጁንታ፣ ሸኔ፣ ጽንፈኛ፣ ነፍጠኛ፣ ተስፋፊ የሚሉ ስያሜዎች ከየአቅጣጫው ሲወረወሩ ሰንብተዋል። በ2010 ዓ.ም. «የቀን ጅብ» የሚለው ሐረግ ከአገሪቱ ከፍተኛ መድረክ ተሰማ፤ በጦርነቱ ጊዜም «አረም» እና «ካንሰር» ተጨመሩበት። ተናጋሪዎቹ በየጊዜው የሰጡት ማብራሪያ አንድ ነው፤ የምንለው ድርጅቱን ነው፣ ሕዝቡን አይደለም። ማብራሪያው ከልብ የተነገረ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ በኋላ በአዲስ አበባ የተካሄደው እስር ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ራሱ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ስጋቱን ገልጾ ነበር። የሱቅ ባለቤቱን ወይም የቤት ተከራዩን የጠቆመው ሰው የድርጅት አባልነት መዝገብ አላገላበጠም፤ ስሙን ወይም አነጋገሩን ሰምቶ ነው የጠቆመው። በድርጅቱ ስምና በሕዝቡ ስም መካከል ያለውን ልዩነት መጠበቅ የአድማጩ ኃላፊነት ነው የሚለው ክርክር፣ ቃሉ በየቀኑ በቴሌቪዥን በሚደጋገምበትና ጦርነት በሚካሄድበት አገር የሚያስኬድ አይመስለኝም።

በእኛ አገር ከሁሉ የበለጠ ሊጤን የሚገባው ቃል ግን ከላይ ከተዘረዘሩት አንዱ አይደለም። «ሰፋሪ» የሚለው ነው። ቃሉ የተወለደው በመንግሥት ቢሮ ውስጥ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የደርግ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ መተከልና ጋምቤላ አጓጓዘ። ብዙዎቹ ሳይወዱ በግድ ተጭነዋል፤ በመንገድና በሰፈራ ጣቢያ በበሽታ ያለቁትም ብዙ ናቸው። የተቀባዩም አካባቢ ሕዝብ ፈቃዱ አልተጠየቀም፤ ጫካው ተመንጥሮ፣ የግጦሽና የእርሻ መሬቱ ተቆርሶ ሲሰጥ ተመልካች ነበር። ከዚህ የተነሣ ያደረ የመሬት ቅሬታ አለ፤ ቅሬታው እውነተኛ ስለሆነ በይፋ ሊነገርና ሊመረመር ይገባዋል። በዚያን ጊዜ «ሰፋሪ» ማለት በሰፈራው ሠራተኛ መዝገብ ላይ እህልና በሬ የሚሰጠው ሰው ማለት ነበር፤ የአንድ ፕሮግራም ተጠቃሚ መለያ ነው።

ፕሮግራሙ አለቀ፣ መንግሥቱም ወደቀ፣ ቃሉ ግን ከሰው ወደ ሰው ተወረሰ። ወለጋ ተወልዶ፣ ወለጋ ተምሮ፣ ኦሮምኛን እንደ እናቱ ቋንቋ የሚናገር፣ ወሎን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የ25 ዓመት ወጣት ዛሬም «ሰፋሪ» ነው። አያቱን ያሰፈረው መንግሥት ነበር፤ እሱን ያሰፈረው ማን ነው? ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት የሆኑ የአማራ ተወላጆች ሲገደሉ፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በዚያ ሰፈራ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። መንግሥትና ከጥቃቱ የተረፉ ሰዎች የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊትን ተጠያቂ ሲያደርጉ ቡድኑ አስተባብሏል። ገዳዩን የመለየትና የመቅጣት ጉዳይ የፍርድ ቤት ነው። የቃሉ ጉዳይ ግን የሁላችንም ነው፤ አንድ ልጅ በተወለደበት ቀበሌ እንግዳ ሆኖ ሊቆጠር የሚችለው እንግድነቱን የሚያወርስ ቃል ስላለ ነው። በዜና ዘገባችን፣ በምሁራን ጥናታችን፣ በባለሥልጣን ደብዳቤም ጭምር ቃሉን ያለ ማመንታት ስንጠቀምበት ኖረናል።

«መጤ» የሚለውም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ የግብርና ባለሙያ ለአረም የሚጠቀምበትን ቃል ለሰው ማዋል ምን እንደሚያስከትል ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። «ክልልህ ሂድ» የሚለው ደግሞ ከሕገ መንግሥቱ ወዲህ የመጣ አዲስ አባባል ነው። ይህ ንግግር ግን ከፌዴራሉ ሥርዓት ወይም ከአንድ ብሔር ብቻ የመነጨ ተደርጎ እንዳይወሰድ ከኤርትራ ጋር የተደረገውን ጦርነት ማስታወስ ይጠቅማል። በ1990 ዓ.ም. ክረምት በጊዜው የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር፣ መንግሥት የውጭ ዜጋን የዓይናችሁ ቀለም አላማረንም ብሎም ቢሆን ሂዱ የማለት መብት አለው የሚል ንግግር አሰሙ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጆች፣ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉትና የኢትዮጵያን ፓስፖርት የያዙት ጭምር፣ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ድንበር ተወሰዱ፤ ኤርትራም በበኩሏ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን አባረረች። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ጌዴኦና ጉጂን ጨምሮ በበርካታ አካባቢዎች በተነሣው ግጭት በኢትዮጵያ 2.9 ሚሊዮን አዲስ መፈናቀል ተመዘገበ፤ በዚያ ዓመት በግጭት ሳቢያ በዓለም ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነበር።

አስቸጋሪው ነገር «አገር» በአማርኛ ከሁሉ የሚወደድ ቃል መሆኑ ነው። ሁለት ሰዎች አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ «አገርህ የት ነው?» ይባባላሉ፤ የአጎራባች ወረዳ ልጆች ሆነው ሲገኙ ዘመድ መቁጠር ይጀምራሉ። ይህ ጥያቄ ለሽማግሌ የትውውቅ በር ነው። ያው ጥያቄ ግን ኬላ ላይ፣ መሣሪያ በያዘ ሰው አፍ፣ መታወቂያ በእጅ ተይዞ ሲጠየቅ ሌላ ነገር ይሆናል። የቀበሌ መታወቂያችን ለብዙ ዓመታት ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ ብሔር የሚል መስመር ነበረበት፤ ሩዋንዳም ውስጥ በየመንገዱ መዝጊያ የሰውን ዕጣ የሚወስነው በካርዱ ላይ ያለች አንዲት መስመር ነበረች። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ብሔርን አለመመዝገቡ ከዚህ አንጻር ትልቅ እርምጃ ነው፤ ስለዚህ ጥቅሙ ከተነገረው በላይ ሊነገርለት ይገባ ነበር።

ከአገር የወጡ ወገኖቻችን የዚህን ንግግር ሌላ ገጽታ ያውቁታል። በማርች 2015 የደቡብ አፍሪካ የዙሉ ንጉሥ የነበሩት ጉድዊል ዝዌሊቲኒ የውጭ ሰዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ይሂዱ የሚል ንግግር አደረጉ፤ ኋላ ላይ በትክክል አልተተረጎመልኝም ብለዋል። በሚቀጥሉት ሳምንታት በደርባንና በአካባቢው በውጭ ዜጎች ላይ ጥቃት ተነሣ። ኡምላዚ በተባለው ሰፈር በኮንቴይነር ሱቃቸው ውስጥ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ወንድማማቾች ላይ እሳት ተለቀቀባቸው፤ አንደኛው በደረሰበት ቃጠሎ ሞተ። የአገሪቱ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ ንግግሩ የሚጎዳ ቢሆንም የጥላቻ ንግግር ከሚለው የሕግ ትርጉም አይገባም ብሎ ደመደመ። በቃላቱ ውስጥ ስድብ አልተገኘም።

ኬንያ የተለየ መንገድ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ግጭት ከ1,100 በላይ ሰዎች ከተገደሉ ወዲህ የብሔራዊ ትስስርና ውህደት ኮሚሽን አቋቁማ ጎጂ ቃላትን መከታተል ጀመረች። ከእነዚህ አንዱ «ማዶአዶአ» ነው፤ በስዋሂሊ ነጠብጣብ ማለት ሲሆን የላም ወይም የጨርቅ ዝንጉርጉር ቀለም ይነገርበታል። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ግን በመሐላችን ያሉትን ባዕዳን አስወግዱ ለማለት ውሏል። በጃንዋሪ 2022 አንድ የምክር ቤት አባል ኤልዶሬት ላይ ይህን ቃል በመድረክ በመናገሩ ታስሮ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ኮሚሽኑ ያወጣው የቃላት ዝርዝር ፖለቲከኞችን ጥቂት አስደንግጧል ማለት ይቻላል፤ ግን ዝርዝር በወጣ ማግሥት አዲስ ቃል መፈጠሩ አይቀርም።

የእኛ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በቃላት ዝርዝር ላይ አለመመሥረቱ መልካም ነው። ሆን ብሎ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግር ይከለክላል፤ ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ሲሆን በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ «ሆን ብሎ» የሚለውን በማስረጃ ማሳየት ከባድ ስለሆነ፣ ሕጉ ኃይል ያለውን ተናጋሪ ትቶ ድምፅ የሌለውን ጸሐፊ ወደ መያዝ ሊያጋድል ይችላል። በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2012 በሞሮኮ ርዕሰ ከተማ የጸደቀው የራባት የድርጊት መርሐ ግብር ለዚህ የተሻለ መመዘኛ አስቀምጧል። ንግግሩ የተነገረበት ሁኔታ፣ የተናጋሪው ሥልጣንና ተሰሚነት፣ ሐሳቡ፣ የንግግሩ ይዘትና ቅርጽ፣ ስፋቱ፣ ጉዳት የማስከተል ዕድሉ አብረው ይታያሉ። በዚህ ሚዛን «ሰፋሪ» ብሎ የጻፈ የታሪክ ተማሪና ግጭት ባለበት ወረዳ «ሰፋሪዎች ይውጡ» ያለ አስተዳዳሪ አንድ አይሆኑም። እኔም የምደግፈው ይህን ነው። ቃልን ማገድ የመሬት ጥያቄውን አፍኖ ያስቀረዋል፤ ተጠያቂነት ከላይኛው መድረክ ቢጀምር ግን ታችኛው ይሰማል።

ፌስቡክና መሰሎቹ ይህን ሚዛን በማሽን ሊሠሩት አልቻሉም። የቃላት ማጣሪያ የታወቀ ስድብን ሊይዝ ይችላል፤ «ይህ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» የሚል ጽሑፍን ግን ያሳልፋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተገደሉ የትግራይ ተወላጅ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከመገደላቸው በፊት ፎቶግራፋቸውና የሥራ ቦታቸው ከውንጀላ ጋር በፌስቡክ ይዞር ነበር። ልጃቸውና ሌሎች አመልካቾች በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ ውስጥ የፌስቡክ ባለቤት በሆነው በሜታ ኩባንያ ላይ ክስ መሠረቱ፤ በኤፕሪል 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ክሱ ገና ክርክር ላይ ነው። በአሜሪካ ደግሞ የሥራ ቅጥር እኩልነት ኮሚሽን «ወደ መጣህበት ተመለስ» የሚለውን አነጋገር በትውልድ አገር ላይ ለተመሠረተ ትንኮሳ ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሰዋል፤ በዚያ የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ቢያውቁ ይበጃቸዋል። እዚያ ሲነገረን የሚያመንን ንግግር እዚህ ስንናገረው አለማፈራችን ግን ሊያሳስበን ይገባል።

ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን በመጠለያ የኖሩት ቤተሰቦች የዚህን ንግግር ሁለቱንም ወገን አይተውታል። በተወለዱበት ወረዳ ሰፋሪ ናችሁ፣ ወደ አገራችሁ ግቡ ተባሉ። አገራችሁ ወደተባለው ክልል ሲደርሱ ደግሞ የሚሰጣቸው ስም «ተፈናቃይ» ሆነ፤ ከጊዜ በኋላም «ወደ ቀያችሁ ተመለሱ» የሚል ጥሪ ከሁለቱም ክልሎች አስተዳደር መጣላቸው። ቀያችሁ የተባለው የሸሹት ወለጋ ነው። ብዙዎቹ መመለስን አልጠሉም፤ የጠየቁት ጸጥታው መረጋገጡንና ቤትና መሬታቸው በእጃቸው የሚገባ መሆኑን ነው። ይህ ዋስትና ሳይሰጥ የሚነገረው ጥሪ፣ ምንም ያህል በጎ ቃል ቢሆን፣ ከተባረሩበት ንግግር የሚለይበትን ነጥብ እነሱ ሊያዩት አልቻሉም፤ ስለዚህ የመልሶ ማቋቋም መግለጫ የሚያዘጋጅ ባለሥልጣን «ቀያቸው» ብሎ ከመጻፉ በፊት በቀበሌው ማን እንደሚጠብቃቸው፣ ይዞታቸውን ማን እንደሚመልስላቸው፣ በነዋሪነት መዝገቡ ላይ በምን ስም እንደሚሰፍሩ አብሮ መጻፍ አለበት።